ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? ስለ ካምቢዮ ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ይዞት ነው የሚመጣው። ማንዋል የለመደው «አውቶማቲክ የሰነፍ መኪና ነው» እንድለው ይጠብቃል፤ አውቶማቲክ የለመደው ደግሞ «በዚህ ዘመን ማን ፍሪሲዮን ሲረግጥ ይውላል» እንድለው። ሁለቱንም ለዓመታት ስለነዳሁ መልሴ ለሁለቱም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይንገሩኝ እላለሁ። በቀን ስንት ጊዜ ቆመው ይነሳሉ? የሚገዙት መኪና አዲስ ነው ወይስ በሰው እጅ የቆየ? አውቶማቲክ ሲሉስ የትኛውን አውቶማቲክ ማለትዎ ነው? ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ብዙው ሰው ዝም ይላል። ትልቁን ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን እሱ ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሞተር አንዴ ከተነሳ እስኪጠፋ ድረስ መዞሩን አያቆምም። መኪናው ቆሞ እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ገደማ ይዞራል። ጎማው ግን መቆም አለበት። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ሲፈለግ የሚያገናኝ፣ ሲፈለግ የሚለያይ ነገር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ያ ነገር ምን እንደሆነና የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ላይ ነው።

በማንዋል ላይ ያ ነገር ፍሪሲዮን ነው። ከሞተሩ ጋር በሚዞር ከባድ ክብ ብረትና በሞላ (በስፕሪንግ) በሚጫን ሌላ ብረት መካከል የተጣበቀ፣ ሸራ የለበሰ ዲስክ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡት ዲስኩ ይላቀቃል፤ ቀስ ብለው ሲለቁት እየተፋተገ ይይዛል። ማርሹን የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት፤ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች 5 ወይም 6 ወደ ፊት፣ 1 ወደ ኋላ።

በተለመደው አውቶማቲክ ላይ ደግሞ መካከል ላይ ያለው ዘይት ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ እጅዎን ከተው በክብ ቢያማስሉ፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል ሳይነኩት አብሮ ይዞራል። ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ሥራው ይኸው ነው። ሞተሩ የሚያዞረው አንዱ ወገን ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ሌላውን ወገን ያዞራል፤ በመካከላቸው ያለ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ያስይዘዋል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት እስከ 2 እጥፍ ገደማ የሚበዛው በዚህ ነው። ፍሬኑን ብቻ ሲለቁት መኪናው በራሱ ቀስ እያለ የሚሄደውም ዘይቱ መግፋቱን ስለማያቆም ነው።

አንዳንዱ ሰው አውቶማቲክን የትናንት ፈጠራ አድርጎ ያየዋል። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ፣ የጄኔራል ሞተርሱ ሃይድራማቲክ፣ በኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ የወጣው ለእ.ኤ.አ. 1940 ሞዴል ነው። ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አውቶማቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሻጩ «አውቶማቲክ ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል እዚያው ያስቁሙት። ፔዳላቸው ሁለት በመሆኑ ብቻ በአንድ ስም ቢጠሩም፣ ውስጣቸው የማይገናኝ አራት ዓይነት ካምቢዮ አለ።

የመጀመሪያው ከላይ ያወራነው ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። የቆየ ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው። ሲነሳ ጥፋትዎን ዘይቱ ይሸከምልዎታል። ጭነት ለሚያበዛና ዳገት ለሚወጣ ሰው ከአራቱ ይህን አስቀድማለሁ። ድሮ 3 ወይም 4 ማርሽ ነበረው፤ አሁን 8፣ 9፣ 10 ያላቸው አሉ።

ሁለተኛው ሲቪቲ ነው። ይህ ጭራሽ ማርሽ የለውም። ስፋታቸው የሚለዋወጥ ሁለት ፑሌዎች አሉ፤ በእነሱ ላይ የሚዞር ቀበቶ አለ። አንዱ ሲጠብብ ሌላው ይሰፋል፤ በዚህም ካምቢዮው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለ ምንም ደረጃ ይንሸራተታል። የሆላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ቫሪዮማቲክ ብሎ ያወጣው በጎማ ቀበቶ ነበር፤ የዛሬዎቹ በአብዛኛው የብረት ናቸው። ለስላሳ ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ነገር ግን ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ሞተሩ ወዲያው ጮኾ እዚያው ጩኸቱ ላይ ይቆያል፤ ፍጥነቱ ከኋላ እየተጎተተ ይደርስበታል። «ፍሪሲዮኑ የበላ መኪና ይመስላል» ያለኝ ሰው አልተሳሳተም፤ ስሜቱ ልክ እንደዚያ ነው። ከባድ ጭነትና ረጅም ሙቀት አይወድም፤ ዘይቱም ለሲቪቲ ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዱዋል ክላች የሚባለው ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ማንዋል ካምቢዮ እንዳለ ያስቡት። አንዱ ፍሪሲዮን 1፣ 3፣ 5ን ይይዛል፤ ሌላው 2፣ 4፣ 6ን። እርስዎ በ3ኛ ሲሄዱ 4ኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ መኪና ካቀረበው በኋላ ብዙዎች ተከትለውታል። ማርሽ ሲቀይር ፍጥነቱ ያስደንቃል። ችግሩ ያለው መጨናነቅ ውስጥ ነው፤ በተለይ ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ያልተነከሩ፣ ደረቅ የሚባሉት ዓይነት ላይ። መኪናው በ1 ሜትርና በ2 ሜትር ሲንፏቀቅ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ የሚያፋትገው ኮምፒውተሩ ነው፤ እርስዎ ማንዋል ላይ ቢያደርጉት ኖሮ መካኒክ የሚቆጣዎትን ነገር እሱ በዝምታ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ መኪና ካለዎት ከፊት ያለው ሰው ራቅ እስኪልልዎ ቆመው ይጠብቁ፤ ከዚያ አንዴ ተነስተው ይሂዱ።

አራተኛው አውቶሜትድ ማንዋል ነው። ተራ ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥና ማርሹን የሚጎትት ማሽን ተገጥሞለታል። ርካሽ ነው፣ ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ ይገኛል። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲያልፍ ተሳፋሪውን ሁሉ አንገት ያስነቀንቃል። ሊቀይር ሲል ነዳጁን ለአፍታ ላላ ካደረጉለት ይሻለዋል። ያኔ ግን ግማሹን ሥራ እርስዎ እየሠሩለት ነው።

ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው፣ ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እንደወጣው የቶዮታ ፕሪየስ ያሉት መኪኖች ወረቀታቸው ላይ ሲቪቲ ቢባሉም ቀበቶ የላቸውም፤ ሥራውን የሚሠሩት አንድ የጥርስ ስብስብና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ስለ ቀበቶ የሰሙት ስጋት ሁሉ እነሱን አይመለከትም።

ነዳጅ የሚቆጥበው የትኛው ነው?

«ማንዋል» የሚለው መልስ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። 4 ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ ከባድ ነበር፤ ዘይቱም እየተንሸራተተ ጉልበት ያባክን ነበር። ዛሬ ቶርክ ኮንቨርተሩ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሞተሩንና ካምቢዮውን ቀጥታ የሚያስተሳስር የራሱ መቆለፊያ አለው፤ ማርሹም ስለበዛ ሞተሩ ረጅም መንገድ ላይ በዝቅተኛ ዙር ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አዲስ መኪና በሁለቱም ካምቢዮ ሲቀርብ፣ የአምራቹ የነዳጅ ቁጥር እኩል ሆኖ ወይም ለአውቶማቲኩ አድልቶ ማየት የተለመደ ነው።

ያገለገለ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ የሚገዙ ከሆነ ግን የድሮው መልስ አሁንም ይሠራል፤ ከማንዋል ወንድሙ የበለጠ ይጠጣል።

ማንዋል ነጂም ቢሆን ቁጠባው በራሱ አይመጣለትም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ3ኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ የሚሄድ ሰው ምን ቆጠበ? በቤንዚን መኪና ረጋ ብሎ ሲነዳ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር አካባቢ ወደሚቀጥለው ማርሽ ማለፍ ይበቃል።

በየቀኑ መጨናነቅ ውስጥ ነው የምነዳው። ማንዋል ይከብደኛል?

አዎ፣ ይከብድዎታል። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ፍሪሲዮኑን ስንት ጊዜ እንደምረግጥ ልቁጠር ብዬ ተነሳሁ። 100 ስደርስ መንገዱ ገና አልተጋመሰም ነበር። መቁጠሩን ተውኩት፤ ማታ ግራ ጉልበቴ ቀጠለበት። ቆሞ መነሳት የዕለት እንጀራዎ ከሆነ፣ በጀትዎም ከፈቀደ፣ እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ አውቶማቲክ ይግዙ።

ማንዋል ይዘው መጨናነቅ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ከፊትዎ ክፍተት ይተዉ። 1ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተለቆ በቀስታ መሄድ የሚችልበትን ያህል ቦታ ካገኙ፣ ሌላው ሰው 10 ጊዜ ሲነሳ እርስዎ 3 ጊዜ ይነሳሉ። ሌላ መኪና ይገባብኛል ብለው አይጨነቁ። ይግባ።

ዳገት ላይ ሳስነሳ ወደ ኋላ ይሸሽብኛል። ምን ላድርግ?

የእጅ ፍሬን ይጠቀሙ፤ አያሳፍርም። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ 1ኛ ያስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ይስጡና ፍሪሲዮኑን በጣም በቀስታ ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ደግሞ ትንሽ ቀና ይላል። ያኔ ፍሪሲዮኑ ይዟል ማለት ነው፤ እግርዎን እዚያው አቁመው የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ። መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ባዶ ቦታ ላይ አንድ ከሰዓት ቢለማመዱት ዕድሜ ልክ ይበቃዎታል።

የማይደረገው ነገር ዳገት ላይ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ ይዞ መጠበቅ ነው። እኔ በፎቅ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ ከፊቴ ያለው ሰው ቲኬቱን እስኪያገኝ፣ እንዲህ ይዤ ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አንዴ ከሸተተዎት አይረሱትም፤ ከመኪናው ውስጥም በቶሎ አይወጣም።

አዳዲስ ማንዋሎች ብዙዎቹ ዳገት ላይ ፍሬኑን ለ2 ሰከንድ ያህል የሚይዝ ረዳት አላቸው። አውቶማቲክም ቢሆን ቀላል ዳገት ላይ በራሱ ይቆማል እንጂ ቀጥ ያለው ላይ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ይርገጡ እንጂ በነዳጅ አይያዙት። ዱዋል ክላች ከሆነማ በፍጹም።

አውቶማቲክ ቁልቁለት ላይ በሞተር አይያዝም ይባላል። እውነት ነው?

ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ብቻ ትተው ከወረዱ እውነት ሊመስል ይችላል፤ ካምቢዮው ከፍ ያለ ማርሽ መርጦ ይለቅዎታል። መፍትሔው ግን ማርሽ መምረጫው ላይ ተጽፏል፤ ኤል፣ 2፣ ቢ፣ ኤስ ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ብዙ ሰው መኪናውን ገዝቶ እስኪሸጥ አንድ ቀን እንኳ አይነካቸውም። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት፤ ሞተሩ ጮኽ ይላል፣ ይጩህ፣ መኪናውን እየያዘልዎት ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ሳያርፍ ከተረገጠ ሸራው ይግላል፤ በሚፈልጉበት ሰዓት ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው አይያዝም።

ኒውትራል አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ መውረድስ? ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ከካርቡሬተር ዘመን የቀረ ወግ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ ካነሱ፣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ኒውትራል ካደረጉት ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። እየቆጠቡ መስሎዎት እያወጡ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሞተሩ መኪናውን አይዝልዎትም።

ጥገናው የሚወደደው የትኛው ነው?

ማንዋል ላይ ፍሪሲዮን አላቂ ዕቃ ነው፤ እንደ ጫማ ሶል ያስቡት። በ30,000 ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው ሰው አለ፣ 150,000 አልፎ የሚሄድ አለ፤ መኪናው አንድ ዓይነት ሆኖ እግሩ ነው የተለየው። ጥሩነቱ ሲያልቅ አስቀድሞ መናገሩ ነው። ፔዳሉ ከላይ መያዝ ይጀምራል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም፣ ቀጥሎ ይሸታል። መካኒክ የወጣውን ዲስክ ሲያሳየኝ ሸራው ተልጦ የሚስማሮቹ ራስ ብረቱን መቧጨር ጀምሮ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሞ ነበር፣ አልሰማሁትም። ዲስኩ፣ ተጫኙ ብረትና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሠራው ኩሽኔታ አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ካምቢዮው ራሱ ግን ሳይነካ ይቀጥላል።

የተለመደው አውቶማቲክ እንዲህ በየክፍሉ የሚያልቅ ነገር የለውም። ለዓመታት ምንም አይጠይቅዎትም። ሲጠይቅ ግን አንዴ ነው፤ የሚጠይቀውም ሙሉውን ነው። ይህ እንዳይመጣ የሚከለክለው ዋናው ነገር ዘይቱ ነው። ጉልበት የሚያስተላልፈው፣ ማርሽ የሚቀይረው፣ የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። አንዳንድ አምራች «ለመኪናው ዕድሜ የሚበቃ ዘይት» ይላል። የማን ዕድሜ እንደሆነ አይናገርም። ብዙ የካምቢዮ ባለሙያዎች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ከባድ ጭነትና ሙቀት ካለ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጉ። የዘይቱን ዓይነት ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያንብቡ፤ «ሁሉም ቀይ ዘይት አንድ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ቁልፉን ተቀብለው ይውጡ።

በአጭሩ ምረጥልኝ ብልዎትስ?

አዲስ መኪና፣ የከተማ መንገድ፦ አውቶማቲክ፣ ከተገኘ ቶርክ ኮንቨርተር ያለው። ያገለገለ መኪና፣ ለድንገተኛ ወጪ የማይበቃ ኪስ፦ ማንዋል። የቀድሞው ባለቤት ማንዋሉን ቢያበላሸው ጉዳቱ ይታያል፣ ይሸታል፣ ይሰማል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቃል። አውቶማቲኩን ቢያበላሸው ግን እርስዎ ከገዙ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚያውቁት። መንዳት ራሱ የሚያስደስትዎት ሰው ከሆኑ ምክሬን አይፈልጉም፤ ማንዋል ነው የሚገዙት፣ እኔም ልከለክልዎ አልችልም።

ያገለገለ መኪና ካምቢዮ እንዴት ልፈትሽ?

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ። ሻጩ «ለእርስዎ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩዎ» ካለ ቸርነቱን አመስግነው ነገ ጠዋት ይመለሱ። የአውቶማቲክ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታየው በብርድ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በጣም ሲሞቅ። ስለዚህ በብርድ ጀምረው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት።

ለአውቶማቲክ፦ ፍሬን ረግጠው ከፒ (ማቆሚያው) ወደ አር (የኋላ ማርሹ)፣ ከአር ወደ ዲ ያስገቡ። ማርሹ መግባቱን ሰውነትዎ ይሰማዋል። ከ2 ሰከንድ በላይ ካስጠበቀዎት ወይም እንደተመታ በር «ጓ» ካለ ችግር አለ። ከዚያ ረጋ ብለው ይንዱና የዙር ቆጣሪውን መርፌ ይመልከቱ። ማርሽ ሲቀይር ወደ ታች መውረድ ሲገባው ለአፍታ ወደ ላይ ከዘለለ በውስጡ የሚንሸራተት ነገር አለ። ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት እግርዎን በቀላሉ አሳርፈው ሲሄዱ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ከተንዘፈዘፈ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥተው በነጭ ሶፍት ይጥረጉት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ አይግዙት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌላው ነገር ሁሉ የተረሳ መኪና ላይ የካምቢዮ ዘይቱ ብቻ ትናንት የተቀየረ ከመሰለ፣ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ።

ለማንዋል፦ ሜዳ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት 4ኛ ያስገቡና ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡ። ጤነኛ መኪና ያጉረመርማል፣ በዝግታ ይነሳል። መርፌው ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከ3ኛ ወደ 2ኛ ፈጠን አድርገው ሲመልሱ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ማርሹን አለሳልሶ የሚያስገባው ሲንክሮናይዘር ተበልቷል፤ መጀመሪያ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ የ2ኛው ነው። ሞተሩ እየሠራ በኒውትራል ሳለ ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጀምር ወይም የሚለወጥ የማፏጨት ድምፅ የኩሽኔታ ነው። ይህ መኪናውን አያስጥልም፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

ባትሪ ቢሞት አውቶማቲክ ተገፍቶ ይነሳል?

አይነሳም። ሞተሩ ካልዞረ በውስጡ የዘይት ግፊት ስለማይኖር ጎማው ሞተሩን ሊያዞረው አይችልም። የባትሪ ገመድ መኪናዎ ውስጥ ያኑሩ። ማንዋል ግን ቁልፉ ተከፍቶ፣ 2ኛ ማርሽ ገብቶ፣ ሁለት ወዳጅ ከኋላ ከገፉልዎ ይነሳል፤ ባትሪው ጨርሶ ካልሞተ።

ስለ መጎተትም ይወቁ፤ የብዙዎቹ አውቶማቲኮች የዘይት ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ረጅም መንገድ ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል። መኪና የሚጭን መኪና ይጥሩ፤ ካልሆነም ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ።

መብራት ላይ ስቆም ኒውትራል ላድርግ?

በአውቶማቲክ ዲ ላይ ትቶ ፍሬን መርገጥ ይበቃል። በማንዋል ግን አዎ፤ ኒውትራል አድርገው እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ያንሱ። ተረግጦ በቆየ ቁጥር የሚደክመው ኩሽኔታው ነው።

ፒ ካደረግኩ የእጅ ፍሬን ለምን ያስፈልገኛል?

ፒ ላይ መኪናውን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ ላይ የሚገባ አንድ ትንሽ ብረት ነው። ተዳፋት ላይ የመኪናው ክብደት ሁሉ እሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጠዋት ከፒ ሲያወጡት «ጧ» የሚለው ለዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ፍሬን ረግጠው ኒውትራል ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ እግርዎን ላላ አድርገው መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ መጨረሻ ላይ ፒ።

ማንዋል ሲያቆሙም ማርሽ ውስጥ ይተዉት፤ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ 1ኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ።

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መንዳት ለመልመድ አውቶማቲክ ይቀላል፤ ዓይንዎ መንገዱ ላይ ይውላል። ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ከማውጣትዎ በፊት ያሉበትን አገር ሕግ ይጠይቁ። በብሪታንያ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም፤ በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ገደብ አለ። በማንዋል የተፈተነ ሁለቱንም ይነዳል። ማንዋል መኪና የሚያበድርዎ ዘመድ ካለ በማንዋል ይማሩና በኋላ የፈለጉትን ይግዙ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ጥያቄው ራሱ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ጉልበት ስላለው ፍሪሲዮን አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹም ያላቸው አንድ ማርሽ ብቻ ነው።

ዕድሜዬን ማንዋል ነድቼ አሁን አውቶማቲክ ገዛሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ግራ እግርዎን። ቀኝዎ ሥራውን ያውቃል፤ ግራው ግን ሥራ የተነጠቀ ሠራተኛ ነው፣ ሥራውን ይፈልጋል። እኔ በአውቶማቲክ የመጀመሪያ ሳምንቴ ወደ መገንጠያ እየቀረብኩ ሳለ እንደ ልማዴ ፍሪሲዮን ልርገጥ ብዬ ግራ እግሬን እስከ ታች ሰደድኩት። ፍሪሲዮን የለም። ያገኘው ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ነው፤ ፍሪሲዮን በሚረገጥበት ጉልበት። መኪናው እዚያው ቀጥ አለ፣ የመነጽር ማኅደሬ ከወንበሩ ተነስቶ መስታወቱን መታ፣ ከኋላዬ የነበረው ሰው ደግሞ በጥሩምባው የሚያስበውን ሁሉ ነገረኝ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግራ እግርዎን ወደ ወንበሩ ሳብ አድርገው፣ ተረከዝዎን ከፔዳሎቹ አርቀው ያሳርፉት። ፍሬንም ነዳጅም በቀኝ እግር ብቻ። ሞተሩን ሲያስነሱ ፍሬን መርገጥዎን አይርሱ፤ ካልረገጡ ብዙዎቹ አይነሱልዎትም። ወደ ኋላ ሲሄዱ ነዳጅ ሳይነኩ በፍሬኑ ብቻ ይቆጣጠሩት፤ መኪናው በራሱ ይሄዳል። ማንዋሉ መኪና አሁንም ቤት ካለና ቀን በቀን እየተቀያየሩ የሚነዱ ከሆነ፣ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ወደ ታች አንዴ አይተው ፔዳሎቹን ይቁጠሩ።